ኮዱ የሚቆየው አምስት ደቂቃ ነው

ፋንቱ ውባየሁ በዚያ ሐሙስም እንደ ሌላው ቀን ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የቢሮውን በር ከፈተች። መስኮቱን ገፍታ በድንጋይ አስደገፈች፤ ጠረጴዛዋን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፤ የኮምፒውተሩን ልብስ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው የሰኔ ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል፤ ጥበቃው ከበሩ እስከ ደረጃው ጡብ እየደረደረ መረማመጃ ይሠራ ነበር። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ከትናንት የተረፉትን የቆጣሪ ንባቦች ለየች፤ የጉደር ለብቻ፣ የጌዶ ለብቻ፣ የባኮ ለብቻ። የባኮዎቹን ከሁሉም በታች አደረገቻቸው። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ዘጠኝ ቀኗ ነው።

የምትሠራው አምቦ ውስጥ ባለ አንድ የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቢሮ ነው። ማኅበሩ በምዕራብ ሸዋ ትንንሽ ከተሞች ቧንቧ ለገባላቸው ሰዎች ውኃ ያከፋፍላል። የቆጣሪው ንባብ እዚህ ይመዘገባል፤ ቢሉ የሚወጣውና የሚከፈለው ግን አዲስ አበባ ባለ ሌላ ሲስተም ነው። ሁለቱ ሲስተሞች አይተዋወቁም። በመካከላቸው አንድ አገናኝ ድርጅት አለ፤ እሱም የማያውቀውን አያሳልፍም። በየዘጠና ቀኑ መንገዱ ላይ ቆሞ «ማን ነህ?» ይላል። ሚስጥራዊው ቁልፍ ይጻፍለታል፤ አይበቃውም። የፈቃዱ ባለቤት ተብሎ በተመዘገበው ሰው ስልክ ላይ ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ ይልካል። ኮዱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ካልተጻፈለት አይሠራም።

የፈቃዱ ባለቤት ሚልኬሳ ኩምሳ ነበር። ሲስተሙን የተከለው እሱ ስለ ሆነ፣ የቢሮው የመስመር ስልክ ደግሞ መልእክት ስለማይቀበል፣ የራሱን ቁጥር ጻፈ። ሁለተኛ ስም ማስገባት እንደሚቻል ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም አላስገባም። ሚልኬሳ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ስልኩን አጥፍቶ አያውቅም። ምን ይመጣል ተብሎ?

ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስክሪኑ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ ተቀየረ። ትናንት ሁለት ቀን ይል ነበር፤ ዛሬ አንድ ቀን ቀረው ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ ለአቶ ሚልኬሳ ኩምሳ ማስታወሻ እንደ ተላከላቸው ተጽፏል።

ፋንቱ ያችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ሰውዬው ከተቀበረ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በየማለዳው እሱን ማስታወስ የተፈቀደለት አንድ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አሰበች፤ እንደ መቅናት ያለ ስሜት ተሰማት።

*

የማኅበሩ ኃላፊ ኦቦ ጀቤሳ ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው ገቡ።

«አዲስ አበባ ደወልኩ» አሉ ሳይቀመጡ። «አገናኞቹ በደብዳቤ ይምጣ ይላሉ። የሞት ማስረጃ፣ ማኅተም፣ ሁለት ሳምንት። እኛ ያለን አንድ ቀን ነው።»

«የእሱ ስልክስ?» አለ ብዙነህ። ብዙነህ ከፋንቱ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ጸሐፊ ነው፤ ቀልድ ካላወራ ራሱን የሚያመው ዓይነት ሰው።

«እናቱ ዘንድ ነው። ይጠራል፤ አያነሡትም።»

«ነገ ከተዘጋ ምን ይመጣል?»

«አዲስ አበባ የተከፈለው ሁሉ እዚህ እንዳልተከፈለ ሆኖ ይታያል። ሰኞ ቧንቧ ዘጊዎቹ ዝርዝሩን ይዘው ይወጣሉ። የከፈለ ሰው በጠራራ ፀሐይ ውኃው ይቆረጥበታል።»

«በሰኔ ምን ጠራራ ፀሐይ አለ ኦቦ።»

«ዝም በል አንተ። አንድ ሰው ባኮ ይሂድና ስልኩን እጁ ላይ ይዞ ኮዱን ያንብብልን። እዚህ እንጽፈዋለን።»

«እኔ ልሂዳ።»

«አንተ? ያንተን ኦሮምኛ ሰምተው ሐዘንተኞቹ ይስቃሉ። ነውር ነው።» ከዚያ ወደ ፋንቱ ዞሩ። «አንቺ ሂጂ። ቀብሩም ላይ አልነበርሽም፤ በዚያውም ለቅሶ ትደርሻለሽ። ሲስተሙ ኮዱን እንደ ተቀበለን ብዙነህ ያንቺን ስምና የቢሮውን አዲስ ሲም ያስገባል፤ የእሱን ያወጣዋል። የሞተ ሰው ስም ይዘን አንኖርም።»

«እሺ» አለች ፋንቱ።

ብዙነህ ቀና ብሎ አያትና እንደገና ወደ ወረቀቱ ጎነበሰ። በቀብሩ ዕለት ሁሉም ወደ ባኮ ሲሄዱ «እኔ ቢሮ እጠብቃለሁ» ብላ ቀርታ ነበር። ብዙነህ ሲመለስ ጫማው ላይ ጭቃ እንዳለ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመና፣ ሳትጠይቀው፣ መቃብሩ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ሆነ ነገራት።

*

አውቶቡሱ ጉደርን አልፎ ሽቅብ ሲይዝ ፋንቱ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

ሚልኬሳ ሲስተሙን ለመትከል አምቦ በመጣ ጊዜ አምስት ወር ከጎኗ ተቀምጧል። ሲያስብ የክብሪት እንጨት ያኝክ ነበር። ሊነግራት የፈለገውን በአሮጌ የንባብ ቅጽ ጀርባ ላይ ጽፎ፣ ከዕለቱ ወረቀቶች መካከል ከትቶ ያሳልፍላታል። የመጀመሪያዋ ወረቀት «ዛሬ የለበስሽው ሹራብ ከቆጣሪ አንባቢዎቹ ሁለቱን አሳስቷል፤ እኔን ሳልቆጥር» ትላለች። ፋንቱ በቀይ እስክሪብቶ «ንባቡ ይጣራ» ብላ መለሰችለት። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ከዚያ እናቱ ብቻቸውን ስለ ነበሩ ወደ ባኮው ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ ሽማግሌም ላከ። ሽማግሌዎቹ አጎቱና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የፋንቱ አባት አቶ ውባየሁ አምቦ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል የሆኑ ሰው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ አስቀምጠው «ልጁ ጨዋ ነው አሉ። ግን ጴንጤ ነው። ልጄን ከማተቧ ለይቼ አልሰጥም» ብለው ሸኟቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ በር ላይ አቆሟቸው። ልማዱ ሦስተኛ ጊዜ አለው፤ የመጨረሻው መልስ የሚሰማው በሦስተኛው ነው። ሚልኬሳም ለሦስተኛው ይዘጋጅ ነበር።

ከሁለተኛው በኋላ አባቷ በየማታው ስልኳን መፈተሽ ጀመሩ። ለሁለቱ የቀረላቸው የኮዱ ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ሚልኬሳ ከባኮ ወደ ቢሮው ስልክ ይደውላል፤ ኮዱን እንዲያነብ ሁሉም ይጠብቀዋል፤ ስልኩን ፋንቱ ብታነሣ ማንም አይገርመውም።

«ማንነትዎን ያረጋግጡ» ትለዋለች፣ ለብዙነህ ጆሮ የሥራ ድምፅ አስመስላ።

«የወርቅቱ ልጅ ነኝ።»

«በቂ አይደለም።»

«ባኮ ሙቀቱ የገደለኝ፣ አምቦ ሰው ያለኝ።»

«ኮዱን ያንብቡ።»

«አትቸኩዪ። ገና አራት ደቂቃ ከሃምሳ አላት።»

ስድስቱን አኃዝ አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ነገር እየጨመረ ያነባል። ሰባት፣ ምሳ በልተሻል? ዜሮ፣ እማ ሰላም ብላሻለች፤ ማን እንደ ሆንሽ አታውቅም፣ አምቦ ያለው ሰው ብያታለሁ። አንድ ጊዜ አምስቱ ደቂቃ አለቀባቸውና ሁለተኛ ኮድ አስላኩ። ብዙነህ ቀና ብሎ «ይቺ ኮድ ጌዶ ላይ መንገድ ይጠፋባታል እንዴ?» አለ። ፋንቱ ቀኑን ሙሉ ጉንጯ አልበረደላትም ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ እሑድ፣ አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ እንደሚመጡ ሰው ነግሯቸዋል።

«ይምጡ» አሉ። «በሬ ላይ የምላቸውን ባኮ ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። አንቺም ስልክሽን አምጪ።»

እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ፋንቱ «መጣሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለመጻፍ የነበራት ጊዜ የአንድ ሰው ትዕግሥት ያህል ነበር። «ሽማግሌ አትላክ። አትምጣ። እርሳኝ።» ላከችው፤ ከስልኳ ላይ ደመሰሰችው፤ ወጥታ ስልኩን አባቷ መዳፍ ላይ አኖረች። ከዚያ ራሷን አጽናናች። ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ የኮዱ ቀን ነው። ይደውላል። ያኔ ሁሉን እነግረዋለሁ።

በማግሥቱ ማለዳ ሚልኬሳ ሞተ። መኪና ተገለበጠ፣ ጌዶ አጠገብ፣ ተባለ። ወዴት እየሄደ እንደ ነበር የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሌላ ነገር ነው የጠየቀችው፤ ያውም ራሷን፦ መልእክቱ ደርሶት ነበር? ሳያነበው ሞቶ ቢሆንስ? ሳያነበው እንዲሆን ጸለየች። ስለ ሙታን እንዲህ ያለ ጸሎት ይኑር አይኑር አታውቅም።

ከጌዶ አለፍ ብሎ አውቶቡሱ በአንድ ጥምዝ ላይ ቀስ አለ። ረዳቱ በመስኮት ወደ ታች አሳየ። «እዚህ ነው የበቆሎው መኪና የወደቀው» አለ ለሾፌሩ። «እህሉን ሰዉ ለቀመው። የቀረው ይኸው።» ከመንገዱ በታች ባለው ቦይ ዳር፣ ተሰባብሮ በተነጠፈ ጥቁር መስታወት መካከል፣ ስንዝር የማይሞላ የበቆሎ ቡቃያ በዝናቡ ተግተልትሎ በቅሏል። አረንጓዴው የሚያሳፍር ያህል ያምር ነበር። ፋንቱ ዐይኗን አልከደነችም፤ ልትከድነው ግን ስንት ጊዜ ፈለገች።

*

ባኮ ዝናብ አልነበረም። ሙቀቱ ከመሬት ይነሣል። የሚልኬሳን እናት የአደ ወርቅቱን ቤት ለማግኘት ብዙም አልተቸገረች፤ ከማንጎው ሥር የለቅሶ አግዳሚዎች ገና አልተነሡም።

አደ ወርቅቱ ከሁለት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። የሚልኬሳ ቅንድብ የእሳቸው ነበር፤ ፋንቱ ገና ከበሩ ለየችው። በኦሮምኛ እግዚአብሔር ያጽናዎት ብላ ተቀመጠች።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከአምቦ። ከመሥሪያ ቤቱ ነኝ፣ አደ ወርቅቱ።»

«የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ መጥተው ነበር። አንቺን አላየሁሽም።»

«ቢሮ ጠባቂ ነበርኩ።»

«ቢሮው አልተሰረቀም?»

«አልተሰረቀም።»

«ደግ» አሉ አደ ወርቅቱ።

ፋንቱ ስለ ኮዱ አስረዳች። በእሱ ስልክ ላይ ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ አንብባ ለአምቦ ትናገራለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። አደ ወርቅቱ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ታዲያ የምትጮኸው ለዚህ ናት?»

«ማን?»

«ስልኩ። ሰባት ቀኗ ነው። በየማለዳው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትጮኻለች። መሞቱን ያልሰማ ሰው የሚፈልገው መስሎኝ። አንድ ያልሰማ ሰው እንኳ አለ እያልኩ።»

«ማሽን ነው አደ ወርቅቱ። ፈቃዱ ሊያልቅ ነው እያለ ያስታውሰዋል።»

«ማሽን» አሉ ቃሉን እንደ ማያውቁት ሰው ስም ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ፊቴን ታጥቤ እጠብቃት ነበር።»

ተነሥተው ከራስጌያቸው አንድ የወንድ መሐረብ አመጡ። ትንሿ ስልክ ውስጡ ተጠቅልላለች። አንድ ጥጓ ተሰንጥቋል፤ ባትሪዋ ግን ሙሉ ነበር። በየማታው ቻርጅ ያደርጓታል ማለት ነው።

ፋንቱ በራሷ ስልክ ወደ ቢሮው ደወለች። ብዙነህ አነሣ።

«ላክ» አለችውና ዘጋች።

የሚልኬሳ ስልክ መዳፏ ውስጥ ጮኸ። አደ ወርቅቱ ደንገጥ አሉ፤ ጩኸቱን በዚህ ሰዓት አልለመዱትም። ፋንቱ መልሳ ደወለች። ለሁለት ዓመት ያህል ይህን ኮድ የተቀበለችው በዚያኛው ጫፍ ሆና ነው። ዛሬ በእሱ ስልክ፣ በእሱ ቤት፣ በእሱ ቦታ ሆና አነበበችው። «ሰባት። አንድ። አንድ። ዘጠኝ። አራት። ሁለት።» በመካከሉ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ተቀበለ» አለ ብዙነህ። «ስምሽን አስገባሁ። የእሱን ላውጣ?»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

«ፋንቱ?»

«የታዘዝከውን አድርግ።»

«እሺ» አለ። ከዚያ ቆይቶ፣ በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «አወጣሁት» አላት።

ሁሉም አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከአራት ደቂቃ በላይ ተርፏል፤ የሚወራበት ሰው የለም።

*

ስልኩን ልትመልስ ስትዘረጋ አደ ወርቅቱ አልተቀበሏትም። ሴቶቹን በዐይናቸው አዩአቸው፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ማንጎው ጥላ ወጡ።

«ማንበብ የምትችዪ ከሆነ አንድ ነገር አንብቢልኝ» አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የጎረቤት ልጆች እናንብብልሽ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። የልጄን ነገር ሰፈር ለምን ይሰማዋል? ፓስተሩን እንዳልጠይቅ አፈርኩ። አንቺ የሩቅ ሰው ነሽ፤ ሰምተሽ ትሄጃለሽ።»

«ምን ላንብብ?»

«የእሑዱን። በሞቱ ዋዜማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ መልእክት መጣለት። ቁጭ ብሎ አነበበው፤ እንደገና አነበበው። ከማን ነው አልኩት። አምቦ ካለው ሰው ነው አለኝ። ምን ይላል አልኩት። ሳቅ አለና፣ አጭር ነው እማ፣ ረጅሙን ሄጄ እሰማለሁ አለኝ። ነጭ ሸሚዙን እንዳጥብለት ጠየቀኝ። በማግሥቱ አውቶቡስ እንኳ አልጠበቀም፤ በቆሎ የጫነ መኪና አገኘና ተሳፈረ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣመሩ። «ያ አጭሩ ምን እንደሚል ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ፋንቱ ቁልፉን ተጫነች። የዛሬው ኮድ፤ ከሥሩ ሰባት ማስታወሻዎች፤ ከእነሱ በታች የቀብሩ ሳምንት የደረሱ የሰዎች መልእክቶች፣ ፖስታቸው ያልተከፈተ። ከሁሉም ሥር አንድ የተከፈተ ፖስታ ነበር። የላኪው ስም አልተጻፈም፤ እሱ ራሱ ያወጣላት ስም ነው የተጻፈው፦ «አምስት ደቂቃ»።

አንብቦታል። ዘጠኝ ቀን የጸለየችው ጸሎት እዚህ ላይ አለቀ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ሥራ አለ ቶሎ ና ይላል ብትል፣ አሮጊቷ ይህን ይዘው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ መኪና ላይ የወጣው ለእንጀራው ነው ብለው ይጽናናሉ። ፋንቱ አፏን ለዚሁ ከፈተች። አደ ወርቅቱ ግን ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው እያዩአት ነበር፤ ያ ቅንድብ ከጎኗ በተቀመጠባቸው አምስት ወራት ሁሉ ውሸት አስችሏት አያውቅም።

አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች አነበበችው። ሽማግሌ አትላክ። አትምጣ። እርሳኝ።

ከማንጎው ሥር የሴቶቹ ንግግር ይሰማል። አደ ወርቅቱ አልተንቀሳቀሱም።

«የጻፈችው ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

እናትየዋ ከእግሯ ጀምረው እስከ ራሷ አዩአት። ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ ምንም ሳይዘሉ። ሰው ለልጁ የሚያጫትን ሴት የሚያየው እንዲህ ነው። ፋንቱ ይህን አስተያየት ሁለት ዓመት ስትፈራውና ስትመኘው ኖራለች። አሁን ሙሉ በሙሉ ተሰጣት።

«ረጅሙ ምን ነበር?» አሉ አደ ወርቅቱ።

«ምን?»

«ሊሰማ የሄደው። እሱ አልሰማውም፤ እኔ ልስማው።»

ፋንቱ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። በዚያኛው ጫፍ ሰው ያለ ይመስል ወደ ስልኩ እያየች ተናገረች።

«ሚልኬሳ፣ አባቴ ሽማግሌዎችህን ሰው ፊት ሊያዋርዳቸው ተዘጋጅቷል። አጎትህ ሽማግሌ ናቸው፤ የአባቴን አፍ አታውቀውም። ሦስተኛው እምቢታ ከተነገረ ደግሞ የሚመለስበት የለም። ስለዚህ አሁን አትላክ። መስከረም ላይ የእናቴ ወንድም ከነቀምቴ ይመጣል፤ አባቴ እሱን እሺ ይላል፤ እሱ ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ። ሦስት ወር ብቻ ነው። አትምጣ ያልኩህ እስከዚያ ነው። እርሳኝ ያልኩህ አባቴ ስልኬን ከፍቶ መልስህን ቢያገኝ የተጨረሰ ነገር እንዲመስለው ነው። አንተ ግን እንዳትረሳኝ። ይህን ነበር።»

ድምፅዋ እስከ መጨረሻው አልተሰበረም። ያልተሰበረው ስለ ጠነከረች አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ስለ ተለማመደችው ነው።

«ይህን መጻፍ ያቅት ነበር?» አሉ አደ ወርቅቱ።

«አባቴ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ? አምቦ ውስጥ ስልክ ጠፋ?»

«የእኔን አባቴ ይፈትሸዋል። የቢሮው ስልክ ወደ ውጭ አይደውልም፤ የተቆለፈ ነው። ከሰው ስልክ መዋስ ይቻል ነበር። ሰው እንዳያውቅ ብዬ የኮዱን ቀን ጠበቅሁ። ዐሥራ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ይጠብቃል ብዬ።»

«እሱ መጠበቅ አያውቅም» አሉ እናቱ። «በሰባት ወሩ ነው የተወለደው። ሸሚዙ እንኳ እስኪደርቅለት አልጠበቀም። እርጥቡን ለብሶት ሄደ።»

ፋንቱ አጎነበሰች። አደ ወርቅቱ እጃቸውን ወደ ራሷ አላነሡም፤ አልገፏትምም። ስልኩን ከእጇ ወስደው በመሐረቡ እየጠቀለሉ ቆዩ፤ አንዱን ጥግ አጠፉ፣ ሌላውን አጠፉ።

«ነገ ጠዋትም ትጮኻለች?»

ፋንቱ ቀና አለች። «አትጮኽም። ከእንግዲህ የሚያስታውሰው እኔን ነው። የእሱ ስም ወጥቷል።»

«መቼ ወጣ?»

«አሁን። ስደውል።»

«እዚሁ እኔ ፊት? እኔ እያየሁ?»

«አዎ።»

አደ ወርቅቱ ጥቅሉን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ፤ ስለ አጭሩ መልእክት ያልመጣው እንባ አሁን መጣ።

«ሂጂ» አሉ። «አውቶቡስ ያመልጥሻል።»

«አደ ወርቅቱ፣ እኔ...»

«ሂጂ፣ ልጄ አልልሽም። የምልሽ ሌላ ቃል ደግሞ የለኝም። ሂጂ ብቻ።»

በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ ዞር አለች። እናትየዋ እያዩአት አልነበረም። ጥቅሉን ጆሯቸው አጠገብ ይዘው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ያዳምጡ ነበር። ፋንቱ ከሰው ሁሉ እጅ ሊደርስባት የሚችለውን ቅጣት ስታስብ የሰነበተች ሴት ናት። ይህን ግን አላሰበችውም ነበር።

*

ዓርብ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የቢሮውን በር ከፈተች። መስኮቱን በድንጋይ አስደገፈች፤ ጠረጴዛዋን ወለወለች፤ የኮምፒውተሩን ልብስ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። የጉደርን ንባብ ለብቻ፣ የጌዶን ለብቻ፣ የባኮን ለብቻ አደረገች። የባኮውን ከላይ አስቀመጠችው።

ብዙነህ ገባ። የቢሮውን አዲስ ስልክ ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላትና፣ ቀልድ ሊያወራ እንደ ፈለገ ሁሉ አፉን ከፍቶ፣ ተወው።

ስክሪኑ በራ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፍቷል። የአዲስ አበባው ክፍያ ሌሊቱን ገብቶ ዝርዝሩን ሞልቶታል፤ ሰኞ ያለ ጥፋቱ ውኃው የሚቆረጥበት ሰው አይኖርም። ፋንቱ የፈቃድ ባለቤቶች የሚለውን ገጽ ከፈተች። አንድ ስም ነበረ፤ የእሷ። ቀጣዩ ኮድ ከዘጠና ቀን በኋላ፣ መስከረም ላይ ነው። ወደ እሷው ይመጣል፤ እሷው ታነበዋለች፤ እሷው ትጽፈዋለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ባኮ አንዲት እናት ፊታቸውን ታጥበው ተቀምጠው ይሆናል። በመሐረብ የተጠቀለለው ስልክ አልጮኸም።